ቦርሳዋን ይዞላት የተቀመጠው ሰው

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያጣ እዚህ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፤ ስልክ የያዘም ለጊዜው ኪሱ ይክተተው። የዛሬው ወሬ የፍቅር ነው። መድኃኒትም አለበት፣ ዝምታም አለበት። ከዝምታው ነው የምጀምርላችሁ።

አንዲት መጋረጃ ሰፊ ነበረች። አርባን ተሻግራለች፣ መልኳ ግን አላሳበቀባትም። የምትሠራውም የምትኖረውም አንዲት የኪራይ ቤት ውስጥ ነው፤ ከፊት የስፌት መኪናዋ፣ ከኋላ አልጋዋ። ቀን ቀን ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። አመሻሽ ላይ መኪናዋ ዝም ስትል ግን ቤቱ እንዲህ ጭር ይላል... የሚያናግሩት ሰው የሌለበት ቤት ጭርታ እንዴት እንደሚከብድ፣ የኖረበት ያውቀዋል። አንዳንዴ ለመኪናዋ «በይ እንግዲህ ደህና እደሪ» ትላት ነበር። ብላም በራሷ ትስቃለች።

ሰው ጠልቷት አይምሰላችሁ። ደንበኛዋ ብዙ ነው፣ ሳቂታ ናት። ግን ሰው ትንሽ ቀረብ ሲላት እሷ ሸሸት ትላለች። ምክንያቱን ከከተማው ማዶ ካለ አንድ ሆስፒታል በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በደሟ ውስጥ ኤችአይቪ ነበረ። መድኃኒቱን ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል፤ አታዛንፍም። ቫይረሱ ተፈልጎ እስኪታጣ ድረስ ተዳክሟል፤ ሐኪሞቹ «ጎበዝ!» ይሏታል። ቢሆንም ቀጠሮዋ በደረሰ ቁጥር፣ የሰፈሯን ክሊኒክ አልፋ፣ አውቶቡስ ቀያይራ፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባ ነበር የምትሄደው። ለታናሽ እህቷ እንኳ አልነገረችም።

አንድ ጠዋት፣ አዲስ ለተሠራ የቢሮ ሕንፃ መጋረጃ እንድትሰቅል ተጠራች። ክፍሉ ገና ባዶ ነው፣ ቀለሙ ይሸታል። መሰላል ላይ ወጥታ መጋረጃውን ዘንጉ ላይ አስገባችና ይሄድ እንደሆነ ብላ ሳብ ስታደርገው... ኧረ ጉድ! ከመስታወቱ ወዲያ፣ አፍንጫዋ ሥር፣ አንድ ሰውዬ ቆሟል! ያውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ!

ጮኸችና መጋረጃውን መልሳ ጠረቀመችው።

መስታወቱ ተንኳኳ።

«እመቤት! መደንገጥዎስ ደግ፤ ግን የምሠራውን አላየሁም። ይክፈቱልኝና ልጨርስ!»

በቀዳዳ አጮልቃ አየች። መወጣጫ ላይ የቆመ መስታወት ገጣሚ ነው። ነጭ ማጣበቂያ ቅንድቡ ላይ ለድፎ ይስቃል።

«ሰው እንዲህ ይደነግጣል እንዴ?» አላት።

«በሦስተኛ ፎቅ መስኮት የሚመጣ እንግዳ ለምጄ አላውቅማ!»

«በበር ብመጣስ ይከፍቱልኛል?»

ሳቋን በመጋረጃው ሸፈነች። ግን ያን ቀን ስትሰፋ ሁለት ጊዜ ክሩን ሳታስገባ መኪናዋን ረገጠች።

ሕንፃው ትልቅ ነበር። እሱ መስታወቱን ገጥሞ ሲወጣ፣ እሷ መጋረጃዋን ይዛ ትገባለች። ሲገናኙ መቀላለድ ነው።

«እኔ ሰው ውጭውን እንዲያይ እደክማለሁ፣ አንቺ መጥተሽ ትጋርጂብኛለሽ!»

«ባልጋርድልህ ይሄ ሁሉ ሰው በጠራራ ፀሐይ ሲያንቀላፋ ይታይ ነበር።»

እሱም ብቸኛ ነበር። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቆይታለች። ማታ ሲገባ ቀድሞት መብራት ያበራ ሰው የለም፤ የደረቀ ዳቦውን በቁሙ በልቶ ይተኛል። ይህን እንደ ቀልድ ነበር የነገራት። እሷ ግን አልሳቀችም። ቤቱን ሳታየው አወቀችው።

ሕንፃው አለቀ። መስታወት ገጣሚው ግን መምጣቱን አልተወም። በዚህ በኩል ሳልፍ፣ በዚያ በኩል ስመለስ፣ እያለ ብቅ ይላል። አከራይዋ፣ አፋቸው የማያርፍ ደግ ሴት፣ ደጃፍ ቆመው ይጮሃሉ።

«አንቺ! ያ ባለመስታወት ደግሞ መጣልሽ! ያልተሰበረ መስኮት ሊጠግን ነው?»

«እርስዎ ካዘዙኝ ሰብሬም እጠግናለሁ፣ እትዬ!»

«ሂድ ወዲያ፣ ቀልማዳ!»

የእሳቸውን የወጥ ቤት መስኮት ግን በነፃ ሠራላቸው። ከዚያ ወዲያ «ልጄ» ሆነ።

መጋረጃ ሰፊዋ ልቧ ሞቀ። አይታችሁ ከሆነ፣ ብዙ ዘመን የተዘጋ ክፍል መስኮቱ ሲከፈት መጀመሪያ አቧራው ነው የሚነሳው። እሷም እንደዚያ ሆነች፤ ደስታው ከፍርሃቱ ጋር ተደባለቀባት። «ልንገረው» ትላለች ጠዋት። ከሰዓት «ቆይ» ትላለች።

ልትነግረው ጥቂት ሲቀራት፣ ዳቦ እየተካፈሉ ሳለ፣ እሱ አንድ ወሬ አመጣ።

«አንድ ቤት መስታወት ልገጥም ሄድኩልሽ። ሰውየው 'ያ' በሽታ አለበት ብለው ጎረቤቶቹ በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ምስኪን፣ ውሃ ቀዳልኝ። በውሃ ጥም ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ፣ 'አይ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት!' አልኩት። ባዶ ሆዴን ላቤ ጠብ እያለ ውዬ ተመለስኩ!»

ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። ጥርሷ ብቻ ነበር የሳቀው።

እሱ ሲሄድ ተነሥታ፣ ከሆስፒታል የተሰጣትን፣ ስሟ የተጻፈበትን የክኒን ጠርሙስ አወጣች። ክኒኖቹን የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ገለበጠቻቸው። እንዳይንሿሹ ጥጥ ጠቀጠቀችባቸው። ባዶውን ጠርሙስ ሰባብራ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ «ልንገረው» የሚለው ነገር ተዘጋ።

እሱ ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም ብሎ አምኖ፣ ፍቅሩን አጠነከረ።

«ስሚ፣ የምልሽ ገብቶሻል? አግቢኝ እያልኩሽ ነው እኮ!»

«ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

«ውሰጂ። ጊዜማ ምን ያልቃል ብለሽ ነው።»

በዚህ መሐል ድካም ያዛት። የዓይኗ ነጭ ወደ ቢጫ አደላ። እሱ ነው ያየው።

«ተነሽ፣ ክሊኒክ እንሂድ።»

«ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ማን ሞቶ ነው ብቻሽን የምትሄጂው?» ብሎ እጇን ያዘ። እዚያው ሰፈር ያለው ክሊኒክ ወሰዳት። ቦርሳዋን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ከሐኪሟ ፊት፣ ከጎኗ ተቀመጠ።

ደም ተወሰደ፣ ውጤት መጣ። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት።

«የጉበት ቫይረስ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ። መድኃኒት አለው። ግን ከመጀመራችን በፊት የኤችአይቪ ምርመራም ማየት አለብኝ።»

«በቅርቡ... ተመርምሬያለሁ። ነፃ ነኝ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

«ጥሩ። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ምንም ይሁን ምን። የባህል ቢሆን እንኳ ንገሪኝ።»

የቫይታሚኑ ዕቃ እሱ ጭን ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ጣቶቹ ቦርሳው ላይ ተቆላልፈዋል። አየቻቸው።

«የለም» አለች።

ሲወጡ እሱ በደስታ ተሞልቷል።

«ጉበት ነው? ይሄማ መድኃኒት አለው! ቫይረስ ቢሆንስ? ሰው አይደለሽ? እኔ ክትባቴን እወጋለሁ፣ አለቀ!»

ለዚህኛው ቫይረስ ሳቀ፤ ትከሻዋን አቀፈ። እሷ ግን «ሌላውን ብታውቅስ?» እያለች በልቧ ከጎኑ ትራመዳለች። አብረው እየሄዱ እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

ከዚያ እሱ የክኒኗ ጠባቂ ሆነ። በየማለዳው ስልኳ ይጮሃል።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

«ውሃ ጨምሪበት!»

«እሺ ጌታዬ።»

«ጌታዬ አትበይኝ፣ ትልቅ ሰው ታደርጊኛለሽ!»

እሷም የጉበቷንም የሌላውንም ክኒን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ትውጥ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የማዶው ሆስፒታል ቀጠሮ ደረሰ። እዚያ ያለችው ነርስ በደስታ ተቀበለቻት።

«አዲስ ክኒን መጥቶልሻል፣ እህቴ። የድሮዎቹ ይቀራሉ፤ በአንዲቷ ውስጥ ሦስት መድኃኒት ነው ያለው። ግን ንገሪኝ፣ ሌላ ቦታ የጀመርሽው መድኃኒት አለ? ሳንተያይ ብንደራርብብሽ ይጎዳሻል።»

ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሆስፒታሉ ለሰፈሯ ክሊኒክ ቢጽፍስ? ያቺ ሐኪም በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ እሱ ቦርሳዋን ይዞ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ፣ ወረቀቱን ዘርግታ ብትጠይቃትስ?

«የለም» አለች ዳግመኛ።

ይህን ያደረገችው ሞኝ ሆና አይደለም፣ ልጆቼ። በሁለቱም በኩል የሚያክማት ሰው ነበራት። ሁለቱ እንዳይገናኙ መሐል ላይ የቆመችው ግን እሷ ነበረች።

አዲሷን ክኒን ከጀመረች በኋላ ሰውነቷ ከዳት። እግሯ አበጠ። ያቅለሸልሻታል። አጥንቷ ውስጥ ድረስ ይቆረጥማታል። የመኪናዋን መርገጫ ስትረግጥ ቁርጭምጭሚቷ እምቢ ይላል። አንድ ጊዜ የትልቅ ሳሎን መጋረጃ አሳጥራ ቆረጠችና ባለቤቲቱ ፊት አለቀሰች። «ጉበቱ ነው» አለች ለራሷ፤ «መድኃኒቱን አጥብቄ ልያዝ።» አጥብቃም ያዘችው። በየማለዳው እሱ ይደውላል፣ እሷ ትውጣለች፣ በየማለዳው ይብስባታል።

ቀስ በቀስ ራቀችው። «ዛሬ አትምጣ» ትላለች። «ሥራ አለብኝ» ትላለች። ያበጠ እግሯን እንዳያይ ደጃፉን በግማሽ ትከፍታለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ በዚያች በግማሽ በተከፈተች በር ቆሞ ጠየቃት።

«ሌላ ሰው አለ?»

ያበጠ እግሯን ከበሩ ኋላ ሳበች።

«ካለ ንገሪኝ። አልቆጣም። ሰው ይመርጣል፣ ያለ ነው። ብቻ እንዲህ በር ላይ አታቁሚኝ።»

«የለም» ብትል፣ «ታዲያ ምንድን ነው?» ይላታል። ለዚያ መልስ የላትም። ስለዚህ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች።

እሱም ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰደው። ኮፍያውን አጥልቆ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ አልጮኸም። ክኒኖቹን መዳፏ ላይ ይዛ ጠበቀች። መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ ይሰማል፣ አከራይዋ ባልዲ ሲያስቀምጡ ይሰማል፤ ስልኩ ግን ዝም። «ዋጥሽ?» የሚላት ጠፋ። ራሷ በዝግታ፣ «ዋጥኩ» አለች። ዋጠችም።

ብዙም ሳይቆይ አከራይዋ ለሻይ ሊጠሯት ቢገቡ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አገኟት። ጨርቁ ከመርፌው ሥር እንደተያዘ ነው።

«ኡ ኡ! ልጄን!» አሉና ስልካቸውን አነሡ። የደወሉት ደግሞ ወደሚያውቁት አንድ ቁጥር ነው፤ መስኮታቸውን ወደሠራው።

መጣ። እንዴት እንደመጣ አትጠይቁኝ፤ የሥራ ጓንቱን እንኳ ከእጁ አላወለቀም። እሷን ተሸክሞ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥሎ መኪና ውስጥ አስገባት። ያችው ክሊኒክ፣ ያችው ሐኪም።

ደሟ ተመረመረ፣ ሽንቷ ተመረመረ። ሐኪሟ ፊቷ ተለወጠ።

«ኩላሊትሽ በጣም ተጎድቷል። እኔ የሰጠሁሽ ክኒን ብቻውን በዚህ ፍጥነት እዚህ አያደርስሽም። አንድ ነገር ጎድሎኛል።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ወንድሜ፣ ትንሽ ውጣልን።»

እሱ ሊነሣ ሲል መጋረጃ ሰፊዋ እጇን አነሣች። ጉሉኮስ የተተከለበትን እጅ።

«ይቀመጥ። እሱን ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ይስማ።»

ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብለሽኝ ነበር። አለ። ለኤችአይቪ። አንቺ ጋ ከመምጣቴ ከዓመታት በፊት ጀምሬ... በቅርቡ ደግሞ ቀየሩልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የቫይታሚን ዕቃው።»

 መስታወት ገጣሚው እጁ ላይ ያለውን ቦርሳ አየ። እሷን አየ። ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሰማችው።

ሐኪሟ ክኒኗን አገላብጣ አየች፤ ወደ ሆስፒታሉም ስልክ ደወለች፤ በሷ ፈቃድ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስሚኝ እህቴ። እኔ ለጉበትሽ የሰጠሁሽ መድኃኒት፣ እነሱ በቀየሩልሽ ክኒን ውስጥም አለ። መልኩ ተለየ እንጂ አንድ ነው። እጥፍ ስትወስጂ ከርመሻል። ዕዳው ኩላሊትሽ ላይ ወደቀ።»

«በቃ፣ ሁለቱንም ልተዋቸው?»

«እንዳታደርጊው! በራስሽ ማቆምም አደጋ ነው፤ ጉበትሽ ይቆጣል፣ ያ የተኛው ቫይረስም ይነሣል። ከሆስፒታሉ ጋር ሆነን ለኩላሊትሽ የሚስማማውን እንመርጥልሻለን። ካሁን በኋላ ግን ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የምናውቀው።»

«ኩላሊቴስ?»

«ቶሎ ደርሰንበታል። ሁሉም ባይመለስ ብዙው ይመለሳል።»

ተኝታ ታከመች። አከራይዋ ይመላለሳሉ፣ ሾርባ ያመጣሉ፣ ነርሶቹን ይሰድባሉ፣ ይመርቃሉ። እሱ አልመጣም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኗ ይሄዳል፤ ሌላ ሰው ነው። ያን ጊዜ ገረማት፤ እውነቱን ተናግራ ሸክሟ ወርዷል፣ ክፍሉ ግን ከበፊቱ ይልቅ ሰፋባት።

ቤቷ ገብታ፣ የእግሯ እብጠት ጎድሎ፣ ቀለል ያለ ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ደጃፏ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና አለች። መስታወት ገጣሚው ነው። ከስቷል።

«ልግባ?»

«በሩ ክፍት ነው።»

ገባ፤ ግን አልተቀመጠም።

«አልዋሽሽም። መጀመሪያ የወጣሁት ደንግጬ ነው። ፈርቼ። በሩ ላይ ስደርስ ግን... ያ ውሃውን ያልጠጣሁለት ሰውዬ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ስስቅ፣ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። አንቺም ሳቅሽ!»

መቀሷን እንደያዘች ትሰማለች።

«በየጠዋቱ እየደወልኩ 'ዋጥሽ?' ስል የነበርኩት እኔ ነኝ። እኔ እያጎረስኩሽ ነው እኮ እንዲህ የሆንሽው!»

«አንተ አላወቅክም።»

«እንዳላውቅ ያደረግኩት እኔው! አንቺ ለኔ ከመንገር መታመም ቀለለሽ። ይሄን ይዤ በምን ፊቴ ልምጣ?» ኮፍያውን አወለቀ። «ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኳት። 'የሷን ነገር ከሷ ጠይቅ፤ ስለ በሽታው ግን ላስተምርህ' አለችኝ። አስተማረችኝ። መድኃኒቱን በደንብ ከያዘ ሰው እንደማይተላለፍ እንኳ አላውቅም ነበር። ደንቆሮ ነኝ፣ ይቅር በይኝ።»

መቀሷን አስቀመጠች። እንባዋ ጨርቁ ላይ ወረደ፤ አላበሰችውም።

«እኔም አላመንኩህም» አለች። «አንድ ጊዜ እንኳ ሳልሞክርህ ፈረድኩብህ። አንተ ሌላ ሰው አለ ብለህ ስትሄድ፣ 'እንኳን ሄደ' ብዬ... ከዚያ ስልኩ ዝም ሲል...»

 እሱ መሬት ላይ፣ ከተቆራረጠው ጨርቅ መሐል፣ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።  አከራይዋ እንኳ በበሩ አልፈው አዩና፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይናገሩ አለፉ።

«ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ» አለች በመጨረሻ።

«ልምጣ?»

«ና። ግን ውጭ ነው የምትቀመጠው።»

«ውጭ?»

«ውጭ። ብቻዬን ገብቼ የምጠየቀውን ሁሉ እመልሳለሁ።»

ሐሙስ እሱ መተላለፊያው አግዳሚ ላይ፣ ከሚያስሉት ሽማግሌና ከምታለቅሰው ሕፃን መሐል ተቀምጦ ጠበቀ። ቆየች። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ፊቷን ለማንበብ ብድግ አለ።

«ምን አለችሽ?»

«ኩላሊቴ እያገገመ ነው። አዲሱ መድኃኒትም ተስማምቶኛል። ሁሉን ነገርኳት። ያንተንም።»

«የኔን? እኔ ምን አለኝ?»

«ላገባህ እንደሆነ።»

አፉን ከፍቶ ቀረ። ሽማግሌው ሳሉን አቁመው ዞር ብለው አዩ።

«እሷ... ምን አለች?»

«'ክትባቱን ይጨርስ' አለች።»

ሽማግሌው ቀድመው ሳቁ።

ተጋቡ፤ ድግስ የለ፣ ግርግር የለ፤ አከራይዋና ታናሽ እህቷ ቆመው ፈረሙላቸው። ለእህቷም ያን ጊዜ ሁሉን ነገረቻት። ኩላሊቷ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ዛሬም በየጊዜው ትመረመራለች፣ አንዳንድ ቀን ትደክማለች። ብቸኝነቱም ባንድ ቀን አልወጣም፤ እሱ አጠገቧ ተኝቶ ሳለ እንኳ ነቅታ፣ እንደ ድሮው ጭርታውን የምታዳምጥበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ትነካዋለች። «አለሁ» ይላታል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ ቀን የምትወዱትን ሰው ይዛችሁ ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ። ሐኪሙ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ከሰማችሁ፣ ማንም ሳይነግራችሁ ተነሡና «ውጭ ነኝ» ብላችሁ ውጡለት። ሲወጣ ግን እዚያው ያግኛችሁ። እባካችሁ፣ ይህቺን አትርሱብኝ።